የተሻረው ሕፃን፤ ጡት የጣለ ልጅ ምግብ ታሪክ ከአክራ እስከ «ፋፋ»

የታሪክ ጽሑፎቻችን ስለ ነገሥታት ግብርና ስለ መኳንንት ማዕድ ብዙ ይናገራሉ። በግብሩ አዳራሽ ስንት ጋን ጠጅ እንደ ተቀዳ፣ ስንት ሰንጋ እንደ ታረደ ጽፈው የተዉልን አሉ። ከዚያው ቤት በጓሮ በኩል፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ለዓመት ተመንፈቅ ልጅ በምን ዕቃ ምን እንደ ተሰጠው የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሕፃናትን አመጋገብ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ከዜና መዋዕል ይልቅ የሐኪሞችን መዝገብ፣ የጥናት ቡድኖችን ዘገባና በየቤቱ የሚሠራበትን ልማድ መመርመር ግድ ይሆንበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ጡት በሚጥልበት ዘመን ሕፃን የሚታመምበትና የሚሞትበት ምክንያት በሃያኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ዘንድ እንዴት እንደ ተተረጐመ፣ ያም ትርጓሜ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ «ፋፋ» የተባለውን ዱቄት እንዴት እንደ ወለደ ነው። የጸሐፊውን አሳብ አስቀድሞ ለመናገር፣ ሊቃውንቱ ከሕፃኑ ሳሕን ውስጥ የጎደለውን አንድ ነገር ሲፈልጉ ብዙ ዓመታት አሳለፉ፤ የበሽታው ስም ግን ጉድለቱ ከሳሕኑ ብቻ ሳይሆን ሕፃኑ በቤቱ ካለው ቦታ ጭምር መሆኑን ከመጀመሪያው ይናገር ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ውጭ አገር ሊቃውንት ከመሄዳችን በፊት በራሳችን ቤት ያለውን ልማድ ማየት ይገባል። በደጋው አገር ሴት በወለደች ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰብበት ምግብ የሕፃኑ ሳይሆን የእናቲቱ ነው። ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ አብሽ ለአራሷ ይሰናዳል፤ ጎረቤትም ለጥየቃ ሲመጣ ገንፎ ሳይቀምስ አይሄድም። ይህን ልማድ እንደ ድግስ ብቻ የሚቈጥሩት አሉ፤ ነገር ግን አሳቡ የጠለቀ ነው። ሕፃኑ የሚመገበው ከእናቱ ስለ ሆነ እናቱን ማብላት እሱን ማብላት ነው። የዛሬው ሕክምናም ቢሆን እናት ብትራብ ወተቷ ቶሎ እንደማይነጥፍ፣ ነገር ግን የምትሰጠው ከገዛ አካሏ እየቀነሰች እንደ ሆነ፣ እንደ ቫይታሚን ኤ ያለው ደግሞ እሷ ካልበላችው በወተቷም እንደሚያንስ ያስረዳል።

ከዚሁ ጋር ግን የሚያስደንቅ ተቃራኒ ነገር አለ። ላም በወለደች ጊዜ የመጀመሪያው ወፍራም ወተት፣ እንገሩ፣ ተፈልቶ እንደ ብርቅ ምግብ ይበላል። የሰው እናት የመጀመሪያ ወተት ግን፣ ያው ቢጫነት ያለው ወፍራም ወተት፣ በብዙ አካባቢ ሆድ ያማል ተብሎ እየታለበ ሲደፋ ኖሯል፤ በምትኩም አራስ ልጅ ቅቤ ይልሳል ወይም የአብሽ ውሃ ይቀምሳል። የጥጃው ነገር ለሰው ልጅ ሳይታሰብለት መቅረቱ ለምን እንደ ሆነ የባህል ተመራማሪዎች ቢያጠኑት መልካም ነው። የመጀመሪያው ወተት ሕፃኑን ከተላላፊ በሽታ የሚጠብቅ ኃይል የተከማቸበት መሆኑ ዛሬ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ልጁ ጥርስ ማብቀል ሲጀምር አጥሚት ይጠጣል፤ ቈይቶም የእንጀራ ፍትፍት በሽሮ ይጐርሳል። ይህ ፍትፍት በአንዳንድ ዘገባዎች እንደ ደካማ ምግብ ሲነቀፍ ይታያል። ነቀፋው ሙሉ እውነት አይደለም። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የተባለው ክፍል ያንሰዋል፤ የጥራጥሬ ፕሮቲን ደግሞ ሜቲዮኒን የተባለው ያንሰዋል። ጤፉና ሽንብራው፣ ገብሱና ባቄላው በአንድ ጕርሻ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ላይሲን የሚባል ስም ከመሰማቱ በፊት የአገራችን ሴቶች ይህን ድብልቅ በየቀኑ ያበስሉ ነበር። ችግሩ የሚበረታው ጥራጥሬው ሲያልቅ፣ በርበሬው ለልጁ በዝቶ እንጀራው ብቻ ሲቀርለት፣ ወይም እንደ ደቡቡ የእንሰት አገር ዋናው ምግብ ቆጮ ሆኖ ወተትና ጎመን ባነሰ ጊዜ ነው። ቆጮ ኃይል የሚሰጥ፣ ድርቅንም የሚቋቋም መልካም ምግብ ቢሆንም ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው።

ጡት መጣል በአብዛኛው በሁለት ዓመት ገደማ ነው። ነገር ግን እናቲቱ ከዚያ በፊት ካረገዘች ወተቱ ተበላሽቷል ተብሎ ልጁ በአንድ ቀን ጡት ይከለከላል። ጡቷ ላይ መራራ ነገር ትቀባለች፤ አልቅሶ እንቢ ካለም ልጁ ለአንድ ሰሞን ወደ አያቱ ቤት ይላካል። ትናንት ጌታ የነበረው ልጅ ዛሬ ከጭን ወርዶ ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። እዚያም እጁ ትንሽ ነው፤ አፉም ቀርፋፋ ነው። ከገበታው እጁ ገና ሁለት ጊዜ ሳይመለስ ትሪው ያልቃል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ምክንያቱም ወደ አክራ የሚወስደን እሱ ነው።

ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ በ1893 በጃማይካ ተወልደው በኦክስፎርድ ሕክምና የተማሩ ሴት ነበሩ። በ1929 ወደ ያኔው ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬው ጋና ተልከው በአክራ ሕፃናትን ሲያክሙ አንድ በሽታ ትኵረታቸውን ሳበው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሆኑ ልጆች እጅና እግራቸው ያብጣል፤ ጠጕራቸው ቀለሙን ለቅቆ ይሳሳል፤ ቆዳቸው ይጠቁርና ይላጣል፤ ይነጫነጫሉ፤ ምግብ እንቢ ይላሉ፤ ካልታከሙም ይሞታሉ። አብዛኞቹ ጡት ከጣሉ በኋላ በበቆሎ ገንፎ ላይ የቀሩ ነበሩ። ዶክተሯ በ1933 ይህን በሽታ ከበቆሎ ምግብ ጋር የተያያዘ የሕፃናት የምግብ እጥረት በሽታ ብለው ጻፉ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ስታነስ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚታወቀው ፔላግራ ነው ሲል ተከራከረ። ዊልያምስ አልተቀበሉም። በ1935 ሁለተኛ ጽሑፍ አወጡ፤ በዚያም በሽታውን የጋ ሕዝብ ሴቶች በሚጠሩበት ስም «ክዋሽዮርኮር» ብለው ጠሩት።

ትርጉሙን የአክራ ሴቶች እንዳስረዷቸው፣ ሌላ ልጅ ሲወለድ ከቦታው የሚወርደውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። በአማርኛ ቢተረጐም የተሻረው ሕፃን በሽታ ማለት እንችላለን። ሹመትና ሽረት ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም። የተሻረ ሹም ግዛቱን ብቻ ሳይሆን በር ላይ የሚጠብቀውን ሰውና በማዕድ የሚቀድምበትን ስፍራም እንደሚያጣ፣ ጡት የጣለም ልጅ ወተቱን ብቻ ሳይሆን የእናቱን ጊዜና እጅ፣ ሲታመምም ቶሎ የሚያይለትን ዓይን ያጣል። በዚህ ስም ውስጥ በቆሎ የለም፤ ፕሮቲንም የለም። ያለው የልጁ ስፍራ መለወጥ ነው።

ዶክተር ዊልያምስ ቀጥሎ ወደ ማላያ ተዛወሩ። በ1939 በሲንጋፖር «ወተትና ግድያ» የሚል ርእስ የሰጡትን ንግግር አሰሙ። በዚያ አገር የጣፈጠ የቆርቆሮ ወተት ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ለሕፃን የሚስማማ ነው እያሉ ለእናቶች ያስተዋውቁ ነበር፤ እናቶችም ጡታቸውን ትተው ወተቱን በቆሸሸ ውሃ እያቀጠኑ በጡጦ ይሰጡ ነበር። ዶክተሯ ይህን ግድያ ብለው ጠሩት። ጦርነቱ መጥቶ ጃፓኖች ሲንጋፖርን ሲይዙ ታሰሩ፤ ከጦርነቱም በኋላ በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ክፍል የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆኑ። የጡጦው ክርክር ግን ብዙ ቈይቶ ነው እልባት ያገኘው፤ በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ በእናት ጡት ወተት ምትክ የሚሸጡ ምግቦችን ሽያጭ የሚመለከት ደንብ ሲያጸድቅ 118 አገሮች ሲደግፉ አሜሪካ ብቻዋን ተቃወመች።

ከጦርነቱ በኋላ «ክዋሽዮርኮር» የሚለው ቃል በዓለም ተሰራጨ፤ ትርጉሙ ግን ከስሙ ተለየ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት የላኳቸው ብሮክና ኦትሬ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአፍሪካ ተዘዋውረው በ1952 ዘገባቸውን አወጡ፤ በሽታው የሚመጣው ከፕሮቲን ማነስ መሆኑ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። በ1955 የተባበሩት መንግሥታት የፕሮቲን አማካሪ ቡድን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን የፕሮቲን ዘመን ብንለው አንሳሳትም። ዩኒሴፍ ቅባቱ የወጣለትን የወተት ዱቄት ለድኻ አገሮች ያድል ጀመር። ዱቄቱ የአሜሪካ ገበሬዎች ትርፍ ነበር፤ ትርፉ ሲያንስ በየአገሩ ከሚበቅል እህል ተመሳሳይ ዱቄት መሥራት እንደ መፍትሔ ታየ። በጓቴማላ ስክሪምሾ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ከበቆሎና ከጥጥ ፍሬ ዱቄት «ኢንካፓሪና»ን ሠሩ፤ በአልጄሪያ «ሱፐራሚን» ወጣ። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ከነዳጅ ዘይት ላይ እርሾ እያበቀሉ ፕሮቲን ለማውጣት የሞከሩ ነበሩ። የሰው ልጅ ለሽሮ ያለው ንቀት እስከዚህ ድረስ መድረሱን ስናይ መሳቅም ማዘንም ይቻላል። በ1968 ተባበሩት መንግሥታት ያወጡት ሰነድ ሊመጣ ስላለው የፕሮቲን ቀውስ የሚያስጠነቅቅ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በሁለት በር ነው። የመጀመሪያው የ1958 የአመጋገብ ጥናት ነው። ጥናቱን ያካሄደው የአሜሪካ ኮሚቴ መጀመሪያ የተቋቋመው የወዳጅ አገሮችን የጦር ሠራዊት አመጋገብ ለመመርመር ስለ ነበር፣ ሕፃኑ ከወታደሩ በኋላ ተራውን መጠበቅ ነበረበት። ዘገባው በ1959 ወጣ። ከውጤቶቹ ሁሉ ሊቃውንቱን ያስገረመው የኢትዮጵያ ሰው በምግቡ የሚያገኘው ብረት ከሌላው ዓለም እጅግ የበዛ መሆኑ ነው። የዚህ አንዱ ምክንያት ጤፍ ነው፤ ሌላው ደግሞ እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የሚቀላቀለው አፈር ነው። ሆፍቫንደር የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም ይህን ነገር መርምሮ በ1968 አሳትሟል።

ሁለተኛው በር የሕፃናቱ የራሳቸው ነው። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአዲስ አበባ የሕፃናት አመጋገብ ክፍል ተቋቋመ። በስዊድን በኩል ከደገፉት አንዱ የኡፕሳላው የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር ቫልክዊስት ነበሩ፤ በቦታው ከሠሩትም አንዱ ከላይ የጠቀስነው ሆፍቫንደር ነው። ክፍሉ የየክፍለ ሀገሩን ምግብ መረመረ፤ የምግብ አስተማሪዎችን አሠለጠነ፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው በ1960ዎቹ ለገበያ ባወጣው ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከግማሽ የሚበልጠው ስንዴ ሲሆን አኩሪ አተር፣ ሽንብራ፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበታል። ስሙን «ፋፋ» አሉት። ስም አወጣጡ የተዋጣለት ነበር ማለት ያስፈልጋል። ልጅ ፋፋ፣ ተክልም ፋፋ ይባላል፤ ቃሉ ለሐኪምም ለባልቴትም አንድ ነው። በፈረንጅ ፊደል አሕጽሮት ከተጠሩት ከሌሎቹ አገሮች ዱቄቶች ጋር ሲተያይ እናት ሱቅ ገብታ ሳትደናገር የምትጠራው ስም መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

ምግቡም በራሱ መልካም ነበር። ከውጭ ከሚመጣው የቆርቆሮ የሕፃን ምግብ ዋጋው እጅግ ያነሰ፣ ለማብሰልም የማያስቸግር፣ ከአጥሚት ጋር የሚመሳሰል በመሆኑ ልጁም እናቱም አልጠሉትም። ጥያቄው ማን ገዛው የሚለው ነው። የፋፋ ዋና ገዢ የከተማ ሰው፣ በተለይም ደመወዝተኛው ሆነ። ይህ የሆነው ሠሪዎቹ ስላላሰቡበት አይደለም፤ የገበያው ጠባይ ነው። በዘመኑ የኢትዮጵያ ገበሬ የገዛ እህሉን የሚበላ ሰው ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ያም ለግብር፣ ለጨውና ለልብስ ይውላል። ስንዴና ሽንብራ ከጓዳው እያለ ስንዴና ሽንብራ ተፈጭቶ በከረጢት እንዲገዛ መንገር፣ ከሱቁም ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ርቆ ሳለ፣ ትርፉ ጥቂት ነበር። የወተቱ ዱቄትና ቫይታሚኑ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑም ዋጋው ከተወሰነ በታች ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ክዋሽዮርኮር ከሚይዘው ልጅ ይልቅ የማይዘው ልጅ ፋፋን በላ።

የሕፃናት አመጋገብ ክፍሉ በ1968 የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ኢንስቲትዩቱም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሌሎች የጤና ምርምር ተቋማት ጋር ተዋህዷል። ፋፋ ወደ ድኻው ገበሬ ልጅ በብዛት የደረሰው በሽያጭ ሳይሆን በእርዳታ ነው፤ ይኸውም ረሃብ በመጣ ጊዜ ነው። በ1973 የወሎ ረሃብ ተገለጠ። የዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አምጥተው ማሳየታቸውንና ተማሪዎችም መነሣታቸውን እዚህ መጥቀስ ተገቢ ነው፤ የኮሌጅ ጥናት ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ የሰውን ሕይወት የነካበት ጊዜ ነበርና። በ1984 እና በ1985ም ረሃብ ፋፋ በመጠለያዎች ለሕፃናት ታደለ፤ በኋላ ደግሞ «ፋሚክስ» የተባለው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ለዚሁ ሥራ ዋለ። ለየዕለቱ ማዕድ የታሰበው ምግብ የክፉ ቀን ቀለብ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሊቃውንቱ ራሳቸው ተከፋፈሉ። በሕንድ ጎፓላን የተባሉ ሊቅ የድኻ ልጆችን ምግብ መርምረው፣ ልጁ ከለመደው ምግብ እስኪጠግብ ቢበላ ፕሮቲኑም በአብዛኛው እንደሚበቃው አሳዩ። የጎደለው ብዛቱ ነው። በ1973 የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚቴ ለሕፃን ያስፈልጋል የተባለውን የፕሮቲን ልክ ዝቅ አደረገው፤ ልኩ ዝቅ ሲል ሊመጣ ነው የተባለው ቀውስ ትልቁ ክፍል በወረቀት ላይ ጠፋ። በሐምሌ 1974 በቤይሩት የሚያስተምር ማክላረን የተባለ ሐኪም የፕሮቲኑን ዘመን ታላቅ ውድቀት ብሎ በብርቱ የሚነቅፍ ጽሑፍ በለንደን የሕክምና መጽሔት አወጣ። የፕሮቲን አማካሪ ቡድኑም በ1977 ፈረሰ። የማክላረን ነቀፋ ለእኛ እንደሚመስለን በአንድ በኩል አልፎ ሄዷል። ክዋሽዮርኮር በትክክል ከምን እንደሚመጣ እስከ ዛሬም ሐኪሞች ያልተስማሙበት ነገር ነው፤ የምግብ ጥራትም ከንቱ ነገር አይደለም። ነገር ግን ትኵረቱ ሁሉ በአንድ ንጥረ ነገር ላይ በመዋሉ ሌላው ሁሉ መረሳቱን በማሳየቱ ትክክል ነበር።

የተረሳው ምን ነበር? መልሱ ከሕፃኑ ሆድ መጠን ይጀምራል። የሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ግራም ያህል ነው። ዓመት ያለፈው 9 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ መቀመጫ ከ270 ግራም በላይ ሊበላ አይችልም ማለት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ፣ ገና የሚጠባ ልጅ ከጡት ሌላ ከምግብ በቀን 550 ኪሎካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። አሁን ቀጭን አጥሚት ከመቶ ግራም 40 ኪሎካሎሪ ይሰጣል ብለን እናስብ። በቀን ሁለት ጊዜ ሆዱ እስኪነፋ ቢጠጣ የሚያገኘው 216 ብቻ ነው። ልጁ ጠግቧል፤ ልጁ ተርቧል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ያንኑ እህል አወፍረን ገንፎ ብናደርገውና መቶው ግራም 100 ኪሎካሎሪ ቢሰጥ ግን ሦስት ጊዜ በመብላት ከሚያስፈልገው በላይ ያገኛል። የዛሬው ምክር ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ሦስት አራት ጊዜ ምግብ እንዲሰጠው የሆነው በዚህ ሒሳብ ነው።

ወፍራም ገንፎ ግን ጥርስ ለሌለው ልጅ አይዋጥም ይባላል፤ እውነት ነው። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ በየጠላ ቤቱ አለ። ብቅል ማለት ገብስ ተዘፍዝፎ፣ በቅሎ፣ ደርቆ የተፈጨው ነው። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ስታርቹን የሚሰባብር አሚሌዝ የተባለ ነገር ያፈራል። ተበስሎ ለብ ባለ ወፍራም ገንፎ ላይ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ቢጨመርና ቢታሽ፣ ገንፎው ውሃ ሳይጨመርበት በጥቂት ደቂቃ ይቀጥናል፤ ከዚያ እንደገና መፍላት አለበት። በታንዛንያ በ1980ዎቹ ይህን መንገድ አጥንተው ለእናቶች አስተምረውበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቅል ማብቀል የማታውቅ ባልቴት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ዳሩ ግን ብቅሉ ለእንግዳ ጠላ እንጂ ለልጅ ገንፎ ሲታሰብ የኖረ አይደለም። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ቆልቶ ፈጭቶ ማኖርም እንዲሁ ቀላል ነው፤ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ሳይኖርበት የፋፋን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ያለዚያ እናቶችን አላወቁም ብለው ከሚከሱት ጋር እንቆጠራለን። ቀላል ነው ያልነው የዕቃው ነገር ነው። በቀን አራት ጊዜ ለአንድ ሕፃን ማብሰል አራት ጊዜ እሳት ማንደድ ነው። እንጨቱን የምትለቅመው፣ ውሃውን የምትቀዳው፣ እህሉን የምትፈጨው፣ በአረምና በአጨዳ ጊዜም ከእርሻ የምትውለው ያችው ሴት ናት። ጠዋት የተበሰለው እስከ ማታ ከቈየ ይሻግታል፤ ተቅማጥም ያመጣል፤ ተቅማጥ ያመነመነው ልጅ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱን ያጣል። ጾምም አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ድስቱ አንድ ስለ ሆነ፣ ዕቃው እንዳይነካካም ስለሚፈራ፣ በጾሙ ወራት ወተትና ዕንቍላል ከሕፃኑም ይጠፋል። ሥርዓቱ የፈቀደለትን ልማዱ ይከለክለዋል ማለት ነው፤ ይህን ለማቃናት ከሐኪም ይልቅ የንስሐ አባት ቃል ሊረዳ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ወደ ቅርቡ ዘመን ቍጥሮች እንምጣ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰው በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 38 ሆኑ። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን በዚያው በ2016 ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ቢያንስ ከአራት ወገን የሆነ ልዩ ልዩ ምግብ በቀን የሚያገኙት ከመቶ 14 ብቻ ነበሩ፤ በዓይነትም በጊዜም የሚገባቸውን ያህል የሚመገቡት ከመቶ 7 ነበሩ። ሁለቱ ቍጥሮች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። ሳሕኑ ብዙ ሳይለወጥ ልጁ እንዴት ቁመት ጨመረ?

ምክንያቱ አንድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ክትባት አለ፣ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ አለ፣ የመንገድና የእህል ነገር አለ። እኛ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ትኵረት የተሰጠው አንድ ነገር እናክላለን። ከባለትዳር ሴቶች መካከል በዘመናዊ መንገድ ወሊድ የሚያራርቁት በ2000 ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 35 ደረሱ። ይህ ቍጥር በቤተሰብ ምጣኔ ምዕራፍ እንጂ በአመጋገብ ምዕራፍ አይገባም። በአክራ ሴቶች አነጋገር ግን የአመጋገብ ቍጥር ነው፤ ተከታዩ ልጅ ዘግይቶ ሲመጣ የፊተኛው በሹመቱ ይቈያል፤ ጡቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ይጠባል፤ የእናቱ ጭንና እጅም የሱ ይሆናል።

በአክራ ከተማ ላይ አንድ ነገር ጨምረን እናቁም። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል የተመገበ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ ከ1997 እስከ 2003 በስድስት አገሮች፣ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ፣ 8,500 ያህል ልጆች አጥንቷል። ልጆቹ ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ ቤታቸውም የሚበቃ ምግብ ያለው ነበሩ። በአምስቱ የመጀመሪያ ዓመታት የስድስቱ አገር ልጆች ቁመት እድገት በጣም የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ፤ ከውጤቱም በ2006 የዕድገት መለኪያ መስመር ተሠራ። የጋናው ጥናት የተደረገው በአክራ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ሕፃን ተመዝኖ ካርዱ ላይ ነጥብ ሲደረግለት፣ ነጥቡ የሚነጻጸርበት መስመር የተቀዳው ከእነዚያ የአክራ ልጆችም ጭምር ነው።